ራሚዛ የፈረመችው ወረቀት

ለልጄ፣

በቅድሚያ ጤናሽን ልጠይቅ። ጉሮሮሽ እንዴት ሆነልሽ? እሑድ ዕለት በቴሌቪዥን ሳይሽ ድምፅሽ ሻክሮ ነበር፤ በዚያ ላይ ያ ስስ ካፖርት! በጥር ብርድ ቤልግሬድ ላይ እንዲያ ተለብሶ ይወጣል? አገር ምድሩ ክብርት ይበልሽ እንጂ ለእኔ አፍንጫሽ ሲቀላ ያው ትንሿ ልጄ ነሽ። ማታ እግርሽን በራኪያ አሽተሽ፣ የሱፍ ካልሲ አጥልቀሽ ተኚ። የአያትሽ መድኃኒት ነው፣ አትናቂው። አረቄውን ለእግርሽ ነው ያልኩሽ፣ ለእንግዶችሽ አይደለም።

እኔ እንደ ዕድሜዬ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። እግሬ ይንቀሳቀሳል። ምላሴም እንደምታውቂው ምንም አልሆነም። በሚያዝያ ስትሮክ ከመታኝ ወዲህ እምቢ ያለኝ ቀኝ እጄ ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ የእኔ እንዳልሆነ ገና ፖስታውን ስታዪ አውቀሻል። ከማዘጋጃ ቤት በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች የምትረዳኝ ሴት አለች ብዬሽ አልነበር? እሷ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፊደሏ ትልልቅ ነው፣ መስመር ትጠብቃለች፣ ነጥብ ግን ትረሳለች። አሁን ይህን ሳስጽፋት ሳቀችና መምህር፣ ይህንንም ልጻፈው ወይ አለችኝ። ከአፌ የወጣውን ሁሉ ጻፊ፣ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ አልኳት።

ለምን አትደውይም ትይኝ ይሆናል። ደውዬ ነበር። ያ ድምፁ ማር ማር የሚለው ጸሐፊሽ አነሣና እናታችን፣ ስብሰባ ላይ ናቸው አለኝ። እናታችን! እኔ መቼ ወለድኩት? አንቺ ብታነሺውም ሦስት ቃል ሳልናገር ታቋርጪኛለሽ፤ ልማድሽ ነው። ደብዳቤ ግን አፍ አፉን አይባልም። ብትጥዪውም ተመልሰሽ ታነሺዋለሽ።

ጎረቤታችን ቶማኒያ በረዶ አንሸራቷት እግሯ ተሰብሮ ጄሶ ላይ ናት። ጄሶ ላይ ሆናም ከአልጋዋ አውራ ዶሮዋን ትሳደባለች፤ እሱም ይመልስላታል። ሰላም በይልኝ ብላሻለች።

የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ዳሊቦር ደግሞ ባለፈው ሐሙስ መጥቶ ነበር። የዘንድሮው የተማሪዎች ጠባቂ የቅዱስ ሳቫ ዝክር ባለተራ አንቺ ስለሆንሽ ሰውዬው እንቅልፍ አጥቷል። ዓምና ከዝክሩ ዳቦ ቁራሽ አንሥተሽ የዘንድሮውን ተራ ስትወስጂ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አይቼሻለሁ፤ እንባዬም መጥቶ ነበር። አሁን አዳራሹን ቀለም እያስቀቡ ነው። መድረኩን አስፍተዋል። የቴሌቪዥን ሰዎች ይመጣሉ አለኝ። አንቺ ዳቦውን ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ ከቄሱ ጋር ትቆርሺዋለሽ፣ ከዚያ ንግግር ታደርጊያለሽ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና እባክዎ መምህር፣ ያቺን የልጅቷን ታሪክ ብቻ እንዳትተዋት ይንገሩልኝ፣ እሷን ስታወራ ድንጋይ ያለቅሳል እኮ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ የማስጽፈው ስለዚያች ታሪክ ነው። ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቃታል፤ እኔም እንዳንቺው አድርጌ ልወጣት እችላለሁ። እንዲህ ትያለሽ፦ አንደኛ ክፍል ስገባ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ከሐዲዱ ማዶ ካሉት ሮማዎች፣ ሰዉ ጂፕሲ እያለ ከሚጠራቸው፣ የመጣች ናት። ከእኔ ቀድማ ማንበብ ቻለች። አንድ ቀን ጠዋት ስመጣ ቦታዋ ባዶ ነው። እናቷ አስወጣቻት። ትምህርት ምን ያደርግልሻል፣ ሂጂ ለምኚበት ብላ አስወጣቻት። እኔ ያንን ባዶ ወንበር እስከ ዛሬ ተሸክሜው እዞራለሁ። እዚህ ላይ ዝም ትያለሽ። ከዚያ ጭብጨባው ይመጣል።

ልጄ፣ መጀመሪያ ላይ እኔም አጨብጭቤያለሁ። መንግሥት የመንደር ትምህርት ቤቶችን በዘጋ ጊዜ ያንን አሮጌ የተማሪ ወንበር በእጅ ጋሪ ላይ ጭነሽ፣ ከሞራቫ ወንዝ ዳር እስከ ቤልግሬድ አሥራ ሁለት ቀን በእግርሽ ስትገፊ ማን ነበር ኩራተኛዋ? በየመንደሩ ሴቶች የጎመን ጥቅል በድስት ይዘው ወጥተው ያበሉሽ ነበር። ባዶ ወንበር አይኑር አልሽ። አምስት ልጅ፣ አራት ልጅ የቀራቸው አሥራ አንድ ትምህርት ቤቶች በአንቺ እግር ዳኑ። ተመልሰሽ ስትመጪ ጫማሽን ያወለቅኩልሽ እኔ ነኝ፤ ካልሲሽ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። ያን ማታ ልጅ ማለት እንዲህ ነው ብዬ አባትሽን በመቃብሩ አመሰገንኩት።

ከዚያ ለምርጫ ተወዳደርሽ። ታሪክሽ ውስጥ ጥፋተኛው ሚኒስቴሩ ነበር፤ ቀስ በቀስ ጥፋተኛዋ እናትየዋ ሆነች። ሰዉ እሷ ላይ ሲደርስ ይበልጥ እንደሚያጨበጭብ አየሽ መሰለኝ። ባለፈው ዓመት ደግሞ የሚወልዱት ለድጎማ ነው አልሽ። ልጇን ከትምህርት ቤት ያስቀረች እናት ድጎማም ልጅም አይገባትም፣ ልጁን መንግሥት ይውሰድ አልሽ። አሁን ያንን ሕግ አድርገሽ ፓርላማ ልታስገቢው ነው አሉ። የቶማኒያ ልጅ ቡና ቤት ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደበ እሰይ፣ አንድ ወንድ ተገኘች አለልሽ። ደስ ይበልሽ እንግዲህ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከንግግርሽ በኋላ ምን እንደሆነ ዳሊቦር አይነግርሽም፣ እኔ ልንገርሽ። ከሐዲዱ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ አንድ ባለጌ ልጆቻችሁን ቁጠሩ ብሎ ጻፈ። ጤና ጣቢያ ወረፋ የያዘችን ሴት ይህን ስንት ልትሸጪው ነው ብለው አሾፉባት። እናቶቹ ፈሩ። አንድ ቀን ካረፈደ ይወስዱብናል ብለው ልጆቻቸውን አያቶቻቸው ዘንድ፣ ሌላ ወረዳ፣ ስም ወደማይታወቅበት አሸሹ። ባዶ ወንበር አይኑር ያልሽው ልጄ፣ ዛሬ በትምህርት ቤታችን ሦስተኛ ክፍል ብቻ አምስት ባዶ ወንበር አለ። ቀለም የተቀባው አዳራሽ ውስጥ ስትገቢ እነሱን አታዪያቸውም፤ ዳሊቦር ወንበሮቹን ምድር ቤት አስገብቷቸዋል።

ያቺ እናት ደግሞ ስም አላት። ራሚዛ ትባላለች። የባቡር ጣቢያውን ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት። ልጇም ስም አላት፤ ሴቭዳ። አንቺ ታሪኩን ስታወሪ ስሟን ስትጠሪ ሰምቼ አላውቅም፣ ረስተሽው ይሆን እላለሁ። ወንበሯን ቤልግሬድ ድረስ ገፍተሽ ወስደሻል፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ከሐዲዱ ማዶ ናት፣ ከዚህ ደጃፍ ሃያ ደቂቃ በእግር። አንድ ቀን ሄደሽ አልጠየቅሻትም።

ይህን የምትጽፍልሽ ሴት ሴቭዳ ናት።

አዎ፣ እሷው ራሷ። በግንቦት ማዘጋጃ ቤቱ የላካት ዕለት በሩን ስከፍት ወዲያው አወቅኋት፤ ዓይኗ ያው የልጅነቷ ነው። እሷም አወቀችኝ። መምህር፣ ጤናዎ እንዴት ነው አለችኝና መጥረጊያውን አነሣች። ስምንት ወር ፀጉሬን አጥባ፣ ጥፍሬን ቆርጣ፣ አንድም ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

በመስከረም ግቢ ውስጥ ለክረምቱ የሚቀመጠውን ቀይ ቃሪያ እየጠበስን ነበር። እሷ ትልጣለች፣ እኔ በአንድ እጄ ፍሬውን አወጣለሁ። እንዲሁ ከመሬት ተነሥታ ስለ እናቷ አወራችኝ። ራሚዛ ታማ ተኝታ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ታያለች። አንቺን አየችሽ። ይህቺ የመምህሯ ልጅ አይደለችም እንዴ፣ እንዴት አማረባት አለች አሉ። ከዚያ ታሪኩን ሰማች። ሴቭዳን ጠርታ ልጄ፣ እውነት እኔ ነኝ ያስወጣሁሽ አለቻት። አይደለሽም እማ ብትላትም አላመነችም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትጠይቃት ጀመር። ጭንቅላቴ ደክሞ ረስቼው ነው እንጂ የተማረች ሴት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አትዋሽም፣ እኔው ነኝ ማለት ነው አለቻት። የኋላውን የነገረችኝ ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ኅዳር ላይ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት የሴቭዳን እጅ ይዛ ይቅር በይኝ፣ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም አለቻት። ባልሠራችው። ሴቭዳም ይቅር ብዬሻለሁ አለቻት፤ ምን ትበላት?

አርባዋ ባለፈው ወር ወጣ። ንፍሮዋን ሴቭዳ በሳህን አምጥታልኝ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ በላሁ።

እንግዲህ ሴቭዳ፣ አሁን የምልሽን ጻፊ። አንቺም ልጄ፣ አንብቢ።

ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ራሚዛ አይደለችም። እኔ፣ መምህሯ።

ያን ዓመት አንደኛ ክፍል አሥራ አራት ልጆች ነበሩኝ። በኅዳር የአንዱ ተማሪ አባት ስቶያዲን ሌሎች ሦስት አባቶችን አስከትሎ መጣና ልጄ ከጂፕሲ ጋር አንድ ክፍል አይቀመጥም፣ ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኛ ወደ ከተማ እንወስዳቸዋለን አለኝ። አራት ልጅ ከሄደ ክፍሉ ይታጠፋል፤ እኔም ሥራዬን አጣለሁ። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለትምህርት ቤቱ ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። አየሽ፣ ትምህርት ቤት ማዳን ከአንቺ በፊት እኔ ጀምሬው ነበር።

የልጆችን አቅም የሚመዝነውን ኮሚቴ ቅጽ ሞላሁ። የፊደል መጽሐፉን በኅዳር የጨረሰችውን ልጅ ቋንቋ አይገባትም፣ ትኩረት የላትም፣ አእምሮዋ ለመደበኛ ትምህርት አልደረሰም፣ ከተማ ወዳለው ልዩ ትምህርት ቤት ትዛወር ብዬ በዚያ በሚያምር ጽሑፌ ጻፍኩ። የወላጅ ፈቃድ ግን ያስፈልግ ነበር። ራሚዛ ማንበብ አትችልም። ቤቷ ሄድኩ። ወንበሩን በቀሚሷ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ምንድን ነው እትዬ መምህር አለችኝ። የትምህርት ቤት ምሳ ነው፣ ለሴቭዳ በነጻ ልናስጀምርላት ነው አልኳት። እጄን ሳመችኝ። ይህን እጄን። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለም ላይ ጫን አድርጋ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ቀለሙ እንዳይጠፋ ብላ እፍ እፍ ስትልበት ትዝ ይለኛል።

በጥር ልጅቷን ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ሲያዛውሯት ራሚዛ ሳምንት ሙሉ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። በመጨረሻ ወጥቼ አንቺው ነሽ የፈረምሽው አልኳት። አንቺ ደግሞ ሦስት ቀን እህል አልቀምስ ብለሽ ሴቭዳስ፣ ሴቭዳስ እያልሽ ስታለቅሺ፣ እናቷ አስወጣቻት፣ እነሱ ትምህርት አይወዱም አልኩሽ።

*

ከዚህ በታች ያለው የተንጋደደ ጽሑፍ የእኔ ነው። በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ሴቭዳ እስከዚያ የመጨረሻ ቃል ድረስ ጻፈችው። አንዲት ፊደል አልዘለለችም፤ ተመልክቼዋለሁ። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ጎን አስተካክላ አስቀመጠችው። ካፖርቷን ለበሰች። ምድጃው ውስጥ እንጨት ሳትጨምር ወጣች።

ለምን በእሷ እጅ አስጻፍሽ ትይኛለሽ። ፈርቼ ነው። ስምንት ወር ፊቷን እያየሁ አፌን ስከፍት ምጣዱ ይጣድ ወይ፣ ዳቦ አለ ወይ እላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ልጆችን ተናገሩ፣ አፋችሁን ክፈቱ ስል የኖርኩ ሴት አንዲት ዓረፍተ ነገር አቃተችኝ። ለአንቺ የምነግርሽ አስመስዬ ለእሷ ነገርኳት። ጭካኔ መሆኑን አሁን ነው ያወቅኩት። የራሷን ፍርድ በራሷ እጅ አስጻፍኳት።

በነጋታውም ተራዋ ነበር፣ አልመጣችም። ምድጃው ጠፋ። ቶማኒያ ከነጄሶዋ በበረዶ ላይ እየተጎተተች መጥታ እሳት አነደደችልኝ። ምን አደረግሻት ያቺን የመሰለች ሴት፣ መቼም ያ ምላስሽ አይደል አለችኝ። ምላሴ ነው አልኳት።

አልጻፍኩም ከዚያ በኋላ። ወረቀቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። ምድጃው ውስጥ ልክተተው ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ። እውነቴን ነው የምልሽ።

*

ዛሬ ሰኞ ነው፤ እንደምታዪው ፊደሉ እንደገና ተስተካክሏል። ሴቭዳ በሰዓቷ መጣች። ምድጃውን አነደደች፣ መድኃኒቴን ሰጠችኝ፣ አንሶላውን ቀየረች። ይቅር በይኝ ልጄ አልኳት። አንሶላውን እያጠፈች እኔን አይጠይቁኝ፣ ይቅር የምትለው ሰው ኅዳር ላይ ተቀብራለች አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ መጥታ ተቀመጠችና ደብዳቤው አላለቀም አይደል አለችኝ። አላለቀም አልኳት። እንግዲያው ይጨርሱት፣ እኔ እጽፋለሁ አለች።

ልጨርሰው።

ልጄ፣ አንቺ ውሸታም አይደለሽም። የሰጠሁሽን ነው ያወራሽው። ያ ባዶ ወንበር ከልብሽ አሳዝኖሽ ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹንም ያዳንሽው በዚያ ሐዘን ነው፣ ይህን ማንም አይወስድብሽም። በራሚዛ ላይ፣ በእነዚያ ሁሉ እናቶች ላይ ያፈሰስሽው መርዝ ግን ከእኔ ቋት የተቀዳ ነው። እኔ ጠመቅኩት፣ አንቺ ለአገር አጠጣሽው። የቀዳሽበት መጠን ግን የራስሽ ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈሽ ሴት ነሽ፣ ሄዶ መጠየቅ ነበረብሽ። እኔ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አንቺ ንጹሕ ነሽ ማለት አይደለም።

በዝክሩ ዕለት ያቺን ታሪክ በዚያ መድረክ ላይ እንዳትደግሚያት። ወይም ከደገምሻት አስተካክለሽ ተናገሪያት። ስሜን ጥሪ። እናቴ ናት ያስወጣቻት በይ፣ በምሳ አታልላ አስፈረመቻት በይ፣ ካሜራው ፊት። ያንን ሕግ ደግሞ አውጥተሽ ቅደጂው። ወንበርሽን ሊያሳጣሽ ይችላል። የሚያጨበጭቡልሽ ሰዎች በማግሥቱ በምን ዓይን እንደሚያዩሽ አውቃለሁ፤ እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች እኮ ናቸው። እኔን ደግሞ ዳቦ ቤት ሰላም የሚለኝ አይኖርም። ይሁን። ራሚዛ ሠላሳ ምናምን ዓመት እንደዚያ ኖራለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ እያደር የሚባለው ነገር አልቆብኛል። አንቺ አጥሪልኝ።

ይህን አስጽፌ ስጨርስ ሴቭዳ እስክሪብቶውን አላስቀመጠችም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ አለችኝ። ጠይቂኝ አልኳት፤ የጠየቀችኝንም እዚሁ ላይ እንድትጽፈው አዘዝኳት።

ያ ዓመት ትምህርት ቤቶች ከዚያ ሁሉ የኮሚኒስት ዘመን በኋላ ቅዱስ ሳቫን እንዲያከብሩ የተፈቀደላቸው የመጀመሪያው ዓመት አልነበር? አለችኝ። ቄስ የትምህርት ቤቱን ደጅ ሲረግጥ መንደሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ አልተባለም? ለዕለቱ ግጥም የሚል አንድ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ይመረጥ ነበር። ያን ልጅ አንብቦ የጨረሰ ይሁን ብለው እርስዎ እኔን መረጡኝ። ሦስት ሳምንት ከትምህርት በኋላ እያስቀሩ አስጠኑኝ። እማ ነጭ ሸሚዝ ሰፋችልኝ። ዕለቱ ሲደርስ እኔ ከወጣሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ እማ ልፋትሽ ለከንቱ አይቅር ብላ ሸሚዙን አልብሳ ሳጥን ላይ አቆመችኝና ግጥሙን ለአክስቶቼ አልኩላቸው። አጨበጨቡልኝ። እና መምህር፣ እዚያ ትምህርት ቤት መድረኩ ላይ ግጥሙን ያለችው ማን ነበረች?

ልጄ ናት፣ ይህንንም ጻፊው አልኳት።

አንቺ ልጄ፣ ሰማያዊ ቀሚስሽን ለብሰሽ ነበር። ቄሱ ራስሽን ዳሰሰሽ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፤ አንቺም እንዴት እንደምትቆሚ፣ የት ላይ ዝም እንደምትዪ የዚያን ቀን አወቅሽ። አባትሽ ሲወጣ ይህቺ ልጅ ለመድረክ ነው የተፈጠረችው አለኝ። እኔ ለብቻዬ ወደ ክፍል ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለምን እንደተመለስኩ ማንም አልጠየቀኝም።

ሌላ የምልሽ የለኝም። እግዚአብሔር ጉሮሮሽን ይፈውስልሽ። ያገኘሽውን ድምፅ ለደግ ያድርግልሽ። ቅዱስ ሳቫ በምትሄጂበት ሁሉ ይጠብቅሽ፤ ሰው የሚያስለቅስ ሳይሆን እንባ የሚያብስ አንደበት ይስጥሽ። ብትጠዪኝም ብርዱን ተጠንቀቂ። ሞቅ ያለ ለብሰሽ ነይ።

እናትሽ

*

እንደምን አለሽ። ሁሉንም እንዳሉኝ ነው የጻፍኩት። ፖስታ ቤት የምወስደውም እኔ ነኝ።

ለዝክር ሰው አይጠራም፣ ደጁ ክፍት ነው፣ የፈለገ ራሱ ይመጣል ይባላል። እኔም በዕለቱ እመጣለሁ። ከኋላ እቆማለሁ። የምትናገሪውን ልሰማ ነው።

አጠገብሽ ትቀመጥ የነበረችው